ቀዩ አምፖል

ሰኞ 3

ዝናቡ ዛሬም ከምሳ በፊት ጀመረ። የመቅጃ ክፍሌ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ሲዘንብ ማንበብ አይቻልም። ግድግዳውን በብርድ ልብስና በእንቁላል ካርቶን ሸፍኜዋለሁ፤ ጣሪያውን ግን ማን ዝም ያሰኘዋል? ቁጭ ብሎ ጣሪያ ከማየት ብዬ ይህን ደብተር ጀመርኩ።

ደብተር ሲጀመር ራስን ማስተዋወቅ ወግ ነውና፦ በዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ በድምፅ አነባለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። መጽሐፉን የምመርጠው እኔ፣ የማነበው እኔ፣ የምቀዳው እኔ፣ ሲዲ ላይ የምገለብጠውም እኔ። ስንት ሰዓት ገባሽ፣ ስንት ገጽ አነበብሽ የሚለኝ የለም።

ዛሬ የሚቀጥለውን ዓመት የመጻሕፍት ዝርዝር ይዤ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ወር ሙሉ የለፋሁበት ነው። ለምን ይህን መረጥሽ፣ ያንን ለምን ተውሽ ቢሉኝ የምመልሰውን ሁሉ በመንገድ ላይ ስለማመድ ነበር። ገና ሳልቀመጥ፣ "እዚያ አስቀምጪው። አንቺ እኮ ነፃ ሰው ነሽ፤ እንደመሰለሽ አድርጊ" አሉኝ።

ሌላ ሠራተኛ እንዲህ ቢባል በደስታ ይዘል ነበር። እኔም የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ዘልያለሁ።

ረቡዕ 5

አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ። ዝናብ።

ሬዲዮ መጥታ ነበር። ሬዲዮ የውሰት ክፍሏ ሴትዮ ናት፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ከክፍሌ በር በላይ ያለው፣ እየቀዳሁ መሆኑን የሚያሳየው ቀዩ አምፖል ከበራ ግን እሷም ብትሆን አትገባም፣ ሕጉ ነው። ወረቀት ላይ ጽፋ መስታወቱ ላይ ለጠፈችልኝ፦ "ስትጨርሺ ብቅ በይ። የማሳይሽ አለ።" ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ የሰው ወሬ ነው። ራሴን ነቅንቄ ወደ መጽሐፌ ዞርኩ።

እውነቱን ለመናገር ያኔ እያነበብኩ አልነበረም። አምፖሉን ግን አላጠፋሁትም። ሰው ድንገት ሲገባብኝ አልወድም።

ቅዳሜ 8

የእማዬ ጆሮ ከአምናው ብሷል። "ጨው አነሰው" ለማለት እንኳ ስለምጮኽ የምንበላውን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። የእኔ ነገር ይገርማል፤ ቀን ለማያዩኝ አነባለሁ፣ ማታ ለማትሰማኝ እጮኻለሁ።

በየቀኑ የምትጠይቀኝን ዛሬም ጠየቀችኝ።

"እህሳ፣ ምን አሉሽ?"

"እነማን?"

"የምታነቢላቸው ናቸዋ።"

"እማዬ፣ እነሱ ምን ይሉኛል? ማን እንደሆንኩ እንኳ አያውቁም።"

"ምን አልሽ?"

"ምንም አላሉም!"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ስለ ራሷ ጆሮ የምታወራ መስሎኝ ሳቅሁ።

ማን እንደሆንኩ አያውቁም ያልኩት ማጋነን አይደለም። መጽሐፍ ሲያልቅ የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመት፣ የገጹን ብዛት እናገራለሁ። የአንባቢ ስም አይነገርም። የቀድሞው ዳይሬክተር ያወጡት ደንብ ነው፤ "ድምፁ የመጽሐፉ ነው" ይሉ ነበር። ያኔ አምሮኝ ነው የተቀበልኩት። ወጣት ሰው ትሕትና አይከብደውም።

ማክሰኞ 11

የቤተ መጻሕፍቱ ሃያኛ ዓመት በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ይከበራል። ለዚያ ሲባል ዛሬ እንግዶች መጡ። ዳይሬክተሩ ግቢውን ሲያዞሯቸው እኔም ክፍል ገቡ። ጠዋት ወለሉን ራሴ ወልውዬ፣ አዲሱን ሹራቤን ለብሼ ነበር የጠበቅኋቸው።

"ይሄ መቅጃ ክፍላችን ነው" አሉ። "ማይክሮፎኑ ዘመናዊ ነው፤ የሰው ትንፋሽ እንኳ አያመልጠውም።" እንግዶቹ ማይክሮፎኑን ከበቡት። አንደኛው ጎንበስ ብሎ "ሄሎ፣ ሄሎ" አለበት። አንዲት ሴት ግን ዞር ብላ "የሚያነበው ማነው?" ስትል ጠየቀች።

"አለች አንዲት ልጅ" አሉ ዳይሬክተሩ። እዚያው ቆሜ ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ ትዝ ያልኳቸው መሰለኝና በእጃቸው ወደ እኔ አሳዩ። "ይቺው! ራሷን የቻለች ናት። ምንም አታስቸግረንም።"

ሴትየዋ ፈገግ አለችልኝ። እኔም መልሼ ፈገግ አልኩ። ደህና አድርጌ ነው ፈገግ ያልኩት። ሲወጡ ዝናቡ ስለጀመረ ሁሉም ሮጡ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ 13

ምንም አታስቸግረንም።

የቢሮው ፎቶ ኮፒ ማሽን በወር አንዴ ያስቸግራል። ያን ጊዜ ሦስት ሰው ከብቦት፣ አንዱ በእጅ ባትሪ ሆዱን እያየ፣ "ምን ሆነብን?" ይባልለታል።

ሰኞ 17

የያዝኩት መጽሐፍ ስድስት መቶ አርባ ገጽ ነው። ባቡር መቆም የተወበት ጣቢያ ውስጥ በየማለዳው መድረኩን ስለሚጠርግ አንድ ጠባቂ ታሪክ። የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ።

ዛሬ ዘጠነኛው ምዕራፍ መሐል ላይ ዝናቡ ወረደ። አገጬን በእጄ ደግፌ ተቀመጥኩና ለራሴ ማውራት ጀመርኩ። ይህ አመል ከመቼ ወዲህ እንደያዘኝ አላውቅም። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብተርም የማይችለው ነገር አለ። ብቻ ትንሽ ቀለለኝ። ሲያባራ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉትን ምዕራፎች ገልብጬ ውሰት ክፍሉ በር ላይ ባለው ሣጥን ከተትኩ። ከማስረከቤ በፊት አንዴ ማዳመጥ ልማዴ ነበር። ዛሬ አላዳመጥኩም። ለማን ብዬ? መጽሐፉ እስኪያልቅ ድረስ ሲዲዎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጡት።

ሬዲዮ በሩ ላይ አገኘችኝና "አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ግቢ!" አለችኝ። ቸኩያለሁ አልኳት። የምሄድበት አልነበረኝም።

ዓርብ 21

የበዓሉ ፕሮግራም ታትሞ ወጣ። ምስጋና የሚቀርብላቸው፦ ረጂዎች፣ ሾፌሩ፣ አትክልተኛው፣ ዘበኛው፣ "ዘመናዊውን ማይክሮፎን የለገሱን ወዳጆቻችን"። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ምናልባት ዓይኔ ዘሎት ይሆናል ብዬ።

ማይክሮፎኑ አለ። እኔ የለሁም።

ሾፌሩን ጠላሁት። ምን አደረገኝ? እማዬ አምና የታመመች ዕለት በዕረፍት ቀኑ መጥቶ ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ እሱ ነው። በሰው ምስጋና አንጀቷ የሚያርር ሴት ሆኜ አረፍኩት። ደግሞ እኮ ምስጋና ጠይቄ አላውቅም። ዝም አይነቅዝም ስል ኖርኩ።

ማታ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። መጀመሪያ ሁለት ገጽ ነበር። ከሁለት ገጹ ለቅሶዬን ሳወጣለት አራት መስመር ቀረ፦ የጀመርኩትን መጽሐፍ ጨርሼ በራሴ ፈቃድ ሥራዬን እለቃለሁ። "በራሴ ፈቃድ" የሚለውን ሳነበው ሳቄ መጣ። እዚያ ቤት ከፈቃድ በቀር ምን ተሰጥቶኝ ያውቃል?

ሰኞ 24

ሰጠሁ። ዳይሬክተሩ ስልክ ላይ ነበሩ። በእጃቸው "እዚያ አስቀምጪው" አሉኝ። ፖስታውን ከወረቀቶቹ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ረቡዕ 26

ሁለት ቀን ሙሉ ይጠሩኛል ብዬ ስልኩን ሳይ ዋልኩ። ምን እንደሚሉኝ ሁሉ አስቤ ነበር። "ምን በደልንሽ?" ይሉኛል። እኔ ዝም እላለሁ። "እንዴት ትተይናለሽ?" ይሉኛል። ያኔ ምናልባት አለቅስ ይሆናል።

ዛሬ ግቢ ውስጥ ጃንጥላ ይዘው ሲያልፉ አገኘኋቸው። ቆም አሉና፣ "ያስቀመጥሽልኝን አየሁት እኮ። ጥሩ ነው፣ እንደመሰለሽ አድርጊ። አንቺን ምን እላለሁ?" ብለውኝ ሄዱ።

ጥሩ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት።

ቅዳሜ 29

ለእማዬ አልነገርኳትም። እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ ለእሷ ደግሞ ሳይጮኹ መንገር አይቻልም።

"እህሳ፣ ምን አሉሽ?" አለችኝ።

"ጥሩ ነው አሉኝ!"

"ተመስገን" አለች። ዞር ብዬ ሳህን አጠብኩ።

ማክሰኞ 2

በዓሉ ዛሬ ነበር። አልሄድም ብዬ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አብዛኞቹ መጽሐፍ የሚዋሱት ዓይነ ስውራን ናቸው። እነዚህን ሁሉ ሰዎች በአንድ ላይ አይቻቸው አላውቅም። ውሰት ክፍሉ ፊት ለፊት በኩል ነው፤ እኔ የምገባው በኋላ በር ነው።

መጨረሻው ረድፍ አጠገብ ቆምኩ። አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ እየዳሰሱ መጡና፣ "ይቅርታ፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?" አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። እጃቸውን ይዤ የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስቀመጥኩላቸው። "እግዜር ይስጥልኝ" አሉና አንገታቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ትንሽ ቆዩ። ዝም አልኩ።

ጉሮሮዬን ስላመመኝ ነው።

ማይክሮፎኑ ተጨበጨበለት። ሾፌሩም ተጨበጨበለት፤ እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። ፕሮግራሙ ሳያልቅ ወጣሁ። ሙሉ ቀን አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ቤት ስደርስ እማዬ ብቻ ናት ያስጮኸችኝ።

ሐሙስ 4

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት የጣቢያው ጠባቂ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ያንጎራጎራትን ዜማ በምን ቃና እንዳነበብኳት ለማስታወስ መቅጃውን ወደ ኋላ መለስኩ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ የዝናብ ድምፅ ገባ። ከዝናቡ ሥር ሆና አንዲት ሴት ታወራለች። እኔ ነኝ። ያን ዕለት መቅጃውን አላቆምኩትም። አራት ደቂቃ ሙሉ። የሰው ትንፋሽ እንኳ የማያመልጠው ማይክሮፎን ሁሉን ይዞታል፣ ንፍጤን ስስብ ሳይቀር።

ክው አልኩ። ከዚያ ሲዲው ገና ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ግቢውን በዝናብ አቋርጬ ውሰት ክፍል ገባሁ። ሬዲዮ ምሳዋን ከፍታ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስታየኝ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"በስመ አብ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?"

"የጣቢያ ጠባቂውን ምዕራፍ ዘጠኝ ስጪኝ። ስህተት አለበት።"

"ከየት አምጥቼ ልስጥሽ? ወጥቷል እኮ።"

"መጽሐፉ አላለቀም!"

"እስኪያልቅ ማን ይጠብቅሻል? አንድ ምዕራፍ ባስገባሽ ቁጥር እየተነጠቁ ነው የሚወስዱት። ዘጠኝን ብቻ ሠላሳ አንድ ሰው ተመዝግቦ ይጠብቃል። ቀድቼ ቀድቼ ጣቴ አለቀ።"

ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ከጠረጴዛው ሥር የጫማ ካርቶን አወጣች። ሌላ ጨመረች። ስድስት ሆኑ። ውስጣቸው ካርድ ጢም ብሏል፤ ፊቱ ላይ የተዋሰው ሰው ስም፣ ጀርባው ላይ የእሷ እጅ ጽሑፍ።

"ሲዲ ሲመልሱ ዝም ብለው አይመልሱም" አለች። "ያወራሉ። ይሄን ንገሪያት፣ ያንን ንገሪያት ይሉኛል። እኔ ምን ላድርግ? የተናገሩትን እጽፋለሁ። ይሄ ያንቺ ነው።"

አነበብኩ። ከስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ፦ "አንባቢዋን ጉንፋን ይዟታል፣ ከምዕራፍ ሦስት ጀምሮ። ትኩስ ነገር ትጠጣ በሏት።" ሌላ፦ "ልጄ ይቺን ድምፅ ስትሰማ ትተኛለች። መጽሐፉ ሰልችቷት እንዳይመስላት።" ሌላ፦ "ቁጥር ስታነብ ትፈጥናለች። ቁጥር የሚጣፍጥ ነገር ነው፣ ቀስ ትበል።" ይህን ያሉት አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ በየካርቶኑ አሉ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያርሙኝ ኖረዋል።

"ለምን አልሰጠሽኝም?" አልኳት። መቆጣቴ ነበር።

"አንቺ! ለምን አልሰጠሽኝም ትላለች ደግሞ!" አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "ስንት ዓመት ተመላለስኩ? ቀዩ በርቷል። ጠዋት ብመጣ በርቷል፣ ከሰዓት ብመጣ በርቷል። ስታነቢ እንዳልረብሽሽ እመለሳለሁ። ወረቀት ብለጥፍ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ። ዳይሬክተሩን ብጠይቃቸው እንደመሰለሽ አሉኝ። እኔንስ ምን ትጽፊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ማን አለ?"

አሥራ አንድ ዓመት ወሬኛ ስላት የኖርኳት ሴት የሰው ቃል ስታስቀምጥልኝ ነበር የኖረችው። እኔ እሷን አንድ ቀን ምሳ በላሽ ወይ ብያት አላውቅም።

ከዚያ የመጨረሻውን ካርድ ከመሳቢያዋ አወጣች። "ይሄን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። መምህሩ ናቸው" አለችና አንገቷን ደፋች። የተጻፈው እንዲህ ይላል፦

"ምዕራፍ ዘጠኝ፣ ሃያኛው ደቂቃ። አንባቢዋ መጽሐፉን አቁማ 'አሥራ አንድ ዓመት ለግድግዳ አነበብኩ' አለች። የመጽሐፉ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ግድግዳ አይደለንም በሏት። ደግሞ አትሰርዙት።"

"በበዓሉ ዕለት እኮ መጥተው ነበር" አለች ሬዲዮ። "'ድምፅዋን ብሰማ እለያታለሁ' እያሉ ጆሯቸውን አቁመው ዋሉ። አልቀናቸውም። አንዲት ሴት ዝም ብላ እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው አሉ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉኝ።"

እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። የነገርኳት ይመስለኛል ግን፤ ምሳዋን ወደ እኔ ገፋችልኝ።

ማታ አንዱን ካርቶን ይዤ ቤት ገባሁ። እማዬ "እህሳ፣ ምን አሉሽ?" አለች። ካርዶቹን አንድ በአንድ እየጮኽኩ አነበብኩላት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በጉንፋኑ ሳቀች፣ በተኛችው ልጅ ዓይኗን ጠረገች። ሲያልቅ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አላልኩሽም?" አለች። ያኔም የሰማችው እሷ ነበረች።

ዓርብ 5

ደብዳቤዬን ልወስድ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ።

"የምን ደብዳቤ?" አሉ።

ከክምሩ ሥር፣ ከማይክሮፎኑ ዋስትና ወረቀት በታች አገኘሁት። ፖስታው አልተከፈተም።

"አየሁት ያሉኝስ?"

"የመጻሕፍቱን ዝርዝር ነዋ! ምን ሆነሻል?"

አሥራ አንድ ቀን ሥራ የለቀቅሁ መስሎኝ ሰነበትኩ። ለካ ያሰናበተኝም ያስቀረኝም የለም። ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ መጣ፣ ሁለቱንም ዋጥኩና ፖስታውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

"ሌላ ነገር አለ?" አሉኝ ወደ ስልካቸው እየተመለሱ።

"አለ" አልኩ። "ከዛሬ ጀምሮ ላስቸግርዎ ነው።"

ቀና አሉ። ጣሪያው ኮርኒስ ይሠራለት አልኩ። የአንባቢ ስም በመጽሐፉ መጨረሻ ይነገር አልኩ። ውሰት ክፍል ያለችውን ሴት ሥራ ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፣ አያውቁትም፣ ስለ ስድስቱ ካርቶኖች ነገርኳቸው። "እንደ..." ብለው ሲጀምሩ፣ "እንደመሰለሽ እንዳይሉኝ!" አልኩ። ድምፄ እንዲህ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር፤ የእማዬ ጆሮ ያለማመደኝ ይሆናል።

ብዕር ፈልገው ጻፉ። የጻፉበትን ወረቀት ክምሩ ላይ ሲያስቀምጡት አይቻለሁ። ሰኞ ተመልሼ እጠይቃቸዋለሁ።

ረቡዕ 10

ሰኞ ጠየቅኋቸው። ወረቀቱን ፈለጉ፣ አጡት። ሌላ ጻፍን። ነገም እሄዳለሁ።

ምዕራፍ ዘጠኝን አልሰረዝኩትም።

ጠባቂው ዛሬ መድረኩን ለመጨረሻ ጊዜ ጠረገ። መጽሐፉ አለቀ። የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመት፣ የገጹን ብዛት ተናገርኩ፤ ቁጥሩን ቀስ ብዬ አነበብኩት። ደንቡ ገና አልተለወጠም። ስሜን ተናገርኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ጠርቼው ስለማላውቅ የሌላ ሰው ስም መሰለኝና ደገምኩት። ከዚያ፣ "ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ለመለሱልኝ መምህር፦ ሰማሁ" አልኩ።

መቅጃውን አቆምኩ። መቆሙን ሁለት ጊዜ አየሁ። ቀዩን አምፖል አጥፍቼ ምሳዬን ይዤ ግቢውን ተሻገርኩ።